በጅማና አካባቢዋ የወባ ቅኝት እንዴት ይሠራል? ከጤና ኬላ መዝገብ እስከ ወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ

በጅማ ዙሪያ ክረምቱ ወጥቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር ወባም ወቅቱን ጠብቆ ይነሣል። ይህን የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም፤ ነገር ግን «ዘንድሮ ከወትሮው በዝቷል ወይስ እንደ ወትሮው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ቁጥር አውጥቶ የሚመልስ ጥቂት ነው። የበሽታ ቅኝት ማለት ለዚህ ጥያቄ በየሳምንቱ፣ ያውም ሰኞ ሳያልፍ፣ መልስ ማግኘት ነው።

ይህ መመሪያ በጤና ጣቢያ የቅኝት ተጠሪ ሆነው ለተመደቡ ባለሙያዎችና በሥራቸው ካሉ ጤና ኬላዎች ጋር ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚመላለስ አንድ አቋም አለው፤ ቁጥሩን አስቀድሞ ሊያነብበው የሚገባው ቁጥሩን የጻፈው ሰው ነው። ሪፖርቱ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሄዳል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ሳለ ግን የታመመው ሰው ያለው በመነሻው ቀበሌ ነው። የጨመረውን ቁጥር ቀበሌው ሳያየው አዲስ አበባ ካየው፣ ሪፖርት ተልኳል እንጂ ቅኝት ተሠርቷል ማለት አይቻልም።

ነገሩ የወረቀት ሥራ ብቻ አለመሆኑን ለማስታወስ አንድ አኃዝ ይበቃል። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በመላው ኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎችና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ ከታማሚዎቹም ትልቁን ድርሻ የያዘው የኦሮሚያ ክልል ነበር።

ደረጃ 1፦ የሚቃኘውን አካባቢ አስቀድሞ ማወቅ

ሥራው የሚጀምረው ከቁጥር ሳይሆን ከካርታ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በእጅ የተሣለ ቢሆንም እንኳ፣ በጤና ጣቢያው ሥር ያሉ ቀበሌዎችን፣ በየቀበሌው ያሉ ጎጦችን፣ ወንዞችን፣ ረግረጎችን፣ ትምህርት ቤቶችንና የቀን ሠራተኛ የሚያድርባቸውን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ።

በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ ወባማ ተብሎ ይታሰባል። የጅማ ከተማ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚህ ክልል ውስጥ ትወድቃለች፤ ሆኖም ከጎጀብና ከዴዴሳ ሸለቆዎች ጋር ስትነጻጸር ቀዝቀዝ ያለች ናት። በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ደጋው ጎጥ ዓመቱን ሙሉ ወባ ላያይ ሲችል፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ቁልቁል ያለው ጎጥ በየጥቅምቱ ይታመሳል። ስለዚህ በካርታው ላይ ከፍታን በግምት እንኳ መለየት ያስፈልጋል።

ውኃ የሚቋጠርባቸውን ቦታዎች ሲመዘግቡ ጅማን ጅማ የሚያደርጉትን አይዝለሉ። የቦዬ ረግረግ አለ፤ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የአወይቱ ወንዝ ዳርቻ አለ፤ ጡብ ለመሥራት አፈር የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ከብት የረገጠው ጭቃ ላይ የሚቀር የኮቴ ውኃ አለ። በሽታውን በዋናነት የሚያስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ የተባለው የትንኝ ዝርያ የሚወደው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለውና አዲስ የተቋጠረ ውኃን ስለሆነ፣ ትልቁ ረግረግ ከሚያስፈራን በላይ ትንሹ የጡብ ጉድጓድ ሊያስፈራን ይገባል። በቀርሳ፣ በኦሞ ናዳ፣ በጢሮ አፈታና በሰኮሩ ወረዳዎች የሚሠሩ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ኃይል ማመንጨት የጀመረውን የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ በካርታቸው ላይ ማስፈር አለባቸው፤ የሐይቁ ውኃ ወደ ኋላ ሲሸሽ በዳርቻው ጥሎት የሚሄደው ኩሬ ለእጭ ምቹ ነውና።

ደረጃ 2፦ የወቅቱን አካሄድ መረዳት

ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ የበልጉን ዝናብ ተከትሎ በሚያዝያና በግንቦት አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት አለ። ዝናቡ ዛሬ ዘንቦ ታማሚው ነገ የማይመጣበትን ምክንያት ማወቅ፣ መቼ መጠንቀቅ እንዳለብን ስለሚነግረን፣ ጥቂት ማብራራት ይገባዋል።

የትንኝ ዕንቁላል እጭና ሙሽሬ ሆኖ ክንፍ እስኪያወጣ እንደ ውኃው ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ከዚያም ትንኟ የታመመ ሰው ደም ከመጠጠች በኋላ ተውሳኩ በሰውነቷ ውስጥ እስኪበስል መቆየት አለባት፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ዝርያ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አያድግም፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀን ገደማ፣ በ25 ዲግሪ ግን 12 ቀን ገደማ ብቻ ይበቃዋል። ከዚህ በኋላ የተነደፈው ሰው እስኪያተኩሰው ሌላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይጨመራል። ሁሉም ሲደመር ከዝናብ እስከ ታማሚ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ያለ ጊዜ ይገኛል። በነሐሴ የሚዘንበው ዝናብ በመስከረምና በጥቅምት መዝገብ ላይ የሚታየው ስለዚህ ነው። እንደ ጅማ ባለ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የአምስት ዲግሪ ልዩነት የተውሳኩን ዕድገት ጊዜ ከግማሽ በታች ስለሚያሳጥረው፣ ወትሮ ከሚታወቀው ሞቅ ያለ ወር ዝናብን ተከትሎ ሲመጣ በደረጃ 6 የምንሠራውን የሳምንታዊ ታማሚዎች ቻርት ከሌላ ጊዜ በበለጠ ትኩረት መመልከት ያሻል።

ደረጃ 3፦ የሚቆጠረው ማን እንደሆነ መወሰን

ትኩሳት ያለው ወይም በቅርብ ቀናት ትኩሳት የነበረው፣ በወባማ አካባቢ የሚኖር ወይም ወደዚያ ተጉዞ የተመለሰ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ተጠርጣሪ ግን ታማሚ አይደለም። በጤና ኬላ በፈጣን መመርመሪያ፣ ማለትም በአርዲቲ፣ በጤና ጣቢያ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ ተውሳክ ሲገኝበት ብቻ የተረጋገጠ ታማሚ ይባላል። ሳይመረመር በግምት መድኃኒት የተሰጠው ሰው ካለ ለብቻው ይመዝገብ እንጂ ከተረጋገጡት ጋር አይደባለቅ፤ ከተደባለቀ ቻርቱ የሚያሳየው የወባን ሳይሆን የመመርመሪያ ኪት እጥረትን መዋዠቅ ይሆናል።

የምርመራው መሣሪያም የራሱ ጠባይ አለው። በሀገራችን በስፋት ሲሠራበት የቆየው የአርዲቲ ዓይነት የፋልሲፓረም ተውሳክ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን የሚፈልግ ሲሆን፣ ይህ ፕሮቲን ሰውየው ታክሞ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በደሙ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት ታክሞ የተመለሰን ሰው በአርዲቲ ብቻ አዲስ ታማሚ ብሎ መቁጠር ያሳስታል። በተቃራኒው ደግሞ ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ የፋልሲፓረም ተውሳኮች በኢትዮጵያ በመገኘታቸው፣ ምልክቱ አፍጥጦ እየታየ ኪቱ «የለም» ቢል ጉዳዩን በዚያ መዝጋት አይገባም፤ የደም ስላይድ ተነሥቶ በማይክሮስኮፕ ይታይ።

ደረጃ 4፦ መዝገብ

የቅኝት ነፍሱ ይህ ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። በመዝገቡ ላይ ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ነፍሰ ጡር መሆንና አለመሆን፣ የምርመራው ዓይነትና ውጤት፣ የተውሳኩ ዝርያ፣ የተሰጠው መድኃኒት መስፈር አለባቸው። እነዚህን አብዛኛው ሰው ይሞላቸዋል። የሚጎድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ትክክለኛ አድራሻና የጉዞ ታሪክ።

አድራሻ ሲባል «ጅማ» ወይም የቀበሌ ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ አይደለም፤ ጎጡ ይጻፍ። በአካባቢያችን ደግሞ አንድ ልዩ ችግር አለ፤ አንዱ ባለሙያ የጎጡን ስም በቁቤ፣ ሌላው በፊደል ይጽፈዋል፣ ሦስተኛው ሰዎች በልማድ በሚጠሩት ሌላ ስም ይመዘግበዋል። በመጨረሻም አንዱ ጎጥ ሦስት ሆኖ ይቆጠርና በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ጥቂት ታማሚ ስለሚታይ፣ መነሻው አንድ ቦታ መሆኑ ይሰወራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጎጦች ዝርዝር በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አጻጻፍና አንድ ቁጥር ተሰጥቶ፣ በመዝገቡ ሽፋን ውስጥ ይለጠፍ።

የጉዞ ታሪክን በተመለከተ ጥያቄው እንደ ምርመራ ሳይሆን እንደ ጨዋታ ቢቀርብ የተሻለ መልስ ይገኛል። «አባባ፣ ባለፉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ከቤትዎ ውጭ ያደሩበት ቦታ ነበር?» ብሎ መጠየቅ «ተጉዘዋል?» ከማለት ይሻላል፤ ለብዙ ሰው ጉዞ ማለት አዲስ አበባ መሄድ ነውና፣ ቆላ ወርዶ እርሻ ሲጠብቅ ማደሩን ጉዞ ብሎ አይቆጥረውም። በአፋን ኦሮሞ የሚናገሩትን በቋንቋቸው መጠየቅ፣ ወባንም በሚያውቁት ስሙ «ቡሳ» ብሎ መጥራት፣ መልሱን ያቀልለዋል። በቡና ለቀማ ወራት ከሌላ አካባቢ መጥተው በየማሳው የሚያድሩ ሠራተኞች ሲታመሙ፣ አድራሻቸው የትውልድ ቀበሌያቸው ሳይሆን አሁን የሚያድሩበት ቦታ ሆኖ ይመዝገብ፣ የመጡበት ደግሞ በጉዞ ዓምድ ውስጥ ይግባ።

ደረጃ 5፦ ሳምንቱን መዝጋትና መላክ

የቅኝት ሳምንት ሰኞ ይጀምርና እሑድ ያበቃል። ሰኞ ጠዋት ያለፈው ሳምንት ይደመራል፤ የተመረመሩ፣ በፋልሲፓረም የተያዙ፣ ቫይቫክስ በተባለው ሌላው የወባ ተውሳክ ዝርያ የተያዙ፣ ሁለቱም የተገኘባቸው፣ የተኙ ታካሚዎች፣ የሞቱ። ታማሚ ያልተገኘበት ሳምንት ባዶውን አይተው፤ ዜሮ ይጻፍ። ዜሮ ማለት «አየን፣ የለም» ማለት ሲሆን ባዶ ማለት ግን «አላየንም» ማለት ነውና፣ ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

ሳምንቶቹ የሚቆጠሩት በጎርጎርዮሳዊው ዓመት ሲሆን መዝገባችን የሚጻፈው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በመሆኑ፣ በየዓመቱ መባቻ ላይ ስሕተት ይፈጠራል። ለምሳሌ የ2024 እ.ኤ.አ. 37ኛው ሳምንት ከሴፕቴምበር 9 እስከ 15 ነበር፤ ይህም ከጳጉሜን 4 ቀን 2016 እስከ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። አንዱ ሳምንት በሁለት ዓመትና በሁለት መዝገብ ተከፍሎ ተገኘ። እኔ ራሴ በሥራ መጀመሪያዬ ዘመን፣ በአንድ ስሙን በማልጠቅሰው ጤና ጣቢያ፣ የጳጉሜንን ቀናት በአሮጌው መዝገብ ረስቼ ሳምንቱን ከመስከረም 1 ጀምሬ በመቁጠሬ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሁሉ በአንድ እርምጃ ተዛንፈው እስከ ኅዳር ድረስ ማንም ሳያስተውለው ቆይቷል። ቻርቱ ንጹሕና ያማረ ነበር፤ ስሕተት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የሁለቱን አቆጣጠሮች ሳምንታት ጎን ለጎን ጽፌ መዝገቡ ላይ ሳልለጥፍ አልቀርም።

ከመላክዎ በፊት የሪፖርቱን ሙሉነት ያስሉ። አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎች ቢኖሩትና የሦስቱ ብቻ ሪፖርት ቢደርስ፣ ሙሉነቱ ከጤና ኬላ አንጻር 60 በመቶ ነው፤ ቢያንስ 80 በመቶ ሊሆን ይገባዋል። ሙሉነቱ ዝቅ ባለበት ሳምንት የታየ መቀነስ መቀነስ አይደለም። ያልላከው ጤና ኬላ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የበዛበት ጤና ኬላ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ዝምታው ራሱ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ስልክ ይደወል።

ደረጃ 6፦ የማስጠንቀቂያ መስመሩን መሥራት

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደረስን። ወረርሽኝ ማለት ከወትሮው በላይ መሆን ነው፤ ስለዚህ «ወትሮ» የሚለውን በቁጥር መግለጽ ግድ ይላል። ለዚህም ያለፉት አምስት ዓመታት ሳምንታዊ የተረጋገጡ ታማሚዎች ቁጥር ይሰበሰባል። በአንድ ሰንጠረዥ ላይ 52ቱን ሳምንታት ወደ ታች፣ አምስቱን ዓመታት ወደ ጎን ያስፍሩ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ሳምንት አምስቱን ቁጥሮች ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደርድሩና ሁለተኛውን ትልቅ ቁጥር ይውሰዱ። ያ ቁጥር የዚያ ሳምንት ጣሪያ ነው።

ለማስረዳት ያህል የተፈጠረ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ቀበሌ 40ኛ ሳምንት ቁጥር በአምስት ዓመታት 9፣ 14፣ 11፣ 32 እና 17 ነበር እንበል። ሲደረደር 32፣ 17፣ 14፣ 11፣ 9 ይሆናል፤ ጣሪያው 17 ነው። ዘንድሮ በ40ኛው ሳምንት 21 ታማሚ ከተመዘገበ ከጣሪያው አልፏል። ትልቁን 32 ትተን ሁለተኛውን የወሰድነው ያ ዓመት ራሱ ወረርሽኝ የነበረበት ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ወረርሽኝን እንደ ወትሮ ከቆጠርነው የሚቀጥለውን ወረርሽኝ ይደብቅብናል። አማካይ ብንወስድ ኖሮ ያ 32 ቁጥሩን ሁሉ ወደ ላይ ይጎትተው ነበር። ከአምስቱ ዓመታት ሁለቱ የታወቁ የወረርሽኝ ዓመታት ከሆኑ ግን ይህ ዘዴም አያድንም፤ በዚህ ጊዜ አንዱን ዓመት አውጥቶ ከእርሱ በፊት በነበረ ዓመት መተካት ይሻላል።

አዲስ የተከፈተ ጤና ኬላ የአምስት ዓመት መረጃ ሊኖረው አይችልም። እንዲህ ላለው የሚሠራበት ዘዴ ያለፈው ዓመት የተመሳሳዩን ሳምንት ቁጥር በሁለት ማባዛት ነው። ዘዴው ሻካራ ነው፤ ባለፈው ዓመት ጥቂት ታማሚዎች ብቻ በነበሩበት ደጋ ቀበሌ ከ1 ወደ 3 መድረስም ጣሪያ ማለፍ ይሆናልና። እኔ ግን እንዲህ ባለው ቀበሌ ሦስቱን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ከግማሽ ቀን በላይ ስለማይወስድ፣ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ከመስማት ይልቅ እውነተኛውን መሳት ይከፋል እላለሁ።

ቻርቱ በትልቅ ወረቀት ላይ ተሠርቶ ሕመምተኛም ሆነ ሠራተኛ በሚያየው ቦታ ይሰቀል፤ ጣሪያው በቀይ፣ የዘንድሮው በሰማያዊ ይሣል። ኮምፒውተር ያለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን የግድግዳውን ቻርት እንዳይተው እመክራለሁ። ነጥቧን በእጁ የሚያሳርፍ ሰው ከመስመሩ በላይ መውጣቷን ሳያይ ሊያልፍ አይችልም፤ በቁልፍ የሚያስገባ ሰው ግን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩን መጠየቅ

ነጥቧ ከጣሪያው መስመር በላይ ስትወጣ መደናገጥ ሳይሆን መጠየቅ ይቀድማል። ከሁሉ በፊት ስንት ሰው ተመርምሮ ነው ይህ የተገኘው? ከ60 ሰው 21 መገኘቱ 35 በመቶ፣ ከ30 ሰው 21 መገኘቱ ግን 70 በመቶ ነው። የተመርማሪው ቁጥር በእጥፍ ጨምሮ የተያዙት ድርሻ ካልተለወጠ፣ ምናልባት ኪት በመምጣቱ ወይም የሰፈር ቅስቀሳ በመደረጉ ብዙ ሰው ተመርምሮ ይሆናል። ሁለቱም አብረው ከጨመሩ ግን ነገሩ የምር ነው።

ከዚያ ዝርያው ይታይ። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደገና ሊነሣ ስለሚችል፣ ዛሬ የመጣው የቫይቫክስ ታማሚ የግድ ዛሬ አልተነደፈም። ፋልሲፓረም እንዲህ ያለ ድብቅ ሁኔታ ስለሌለው ቁጥሩ ሲጨምር በቅርብ ሳምንታት የነበረን መተላለፍ ያመለክታል፤ ቶሎ የሚገድለውም እርሱ ነው። ስለዚህ አጠቃላይ ቁጥሩ ባይለወጥ እንኳ የፋልሲፓረም ድርሻ በሦስት ተከታታይ ሳምንታት ካደገ ዝም አይባልም። ቫይቫክስ ብቻ ደጋግሞ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወደ ሕክምናው ይዞራል፤ በጉበት የተደበቀውን ተውሳክ የሚያጠፋውን የ14 ቀን መድኃኒት፣ ፕሪማኩዊንን፣ ታማሚው በእርግጥ ጨርሶታል?

ዕድሜም ይናገራል። ታማሚዎቹ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ከሆኑ ከሥራ ቦታ ይዘውት የመጡት ሊሆን ይችላል፤ ከቤት የማይርቁ ሕፃናትና እናቶች ከሆኑ ግን መተላለፉ እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው።

ደረጃ 8፦ ጣሪያው ሲታለፍ

በዚያው ቀን ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በስልክ ይነገር፤ የሰኞው ሪፖርት ስለተላከ ተነግሯል ብሎ መተው አይበቃም። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አንደኛው የታማሚዎች ዝርዝር፣ ባለሙያዎች ላይን ሊስት የሚሉት፣ ማዘጋጀት ሲሆን ከመዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ ታማሚ ጎጥ፣ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ ጉዞውና የአጎበር አጠቃቀሙ ተለይቶ ይወጣል። ሁለተኛው መድኃኒትና ኪት መቁጠር ነው፤ ኮአርተም፣ ክሎሮኩዊን፣ ፕሪማኩዊን፣ ለጽኑ ሕመም የሚሆን በመርፌ የሚሰጥ አርቴሱኔት ለስንት ሳምንት እንደሚበቃ በአሁኑ ፍጥነት ይሰላ፣ ባለፈው ወር ፍጥነት ሳይሆን። ሦስተኛው ወደ ጎጡ መውረድ ነው።

ታማሚዎቹን በደረጃ 1 በተሠራው ካርታ ላይ በነጥብ ያሳርፉ። አብዛኛውን ጊዜ ነጥቦቹ በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ወደዚያ ይሂዱ። ከጎጡ ሽማግሌዎችና ከቀበሌ አስተዳደሩ ጋር ሳይነጋገሩ ቤት ለቤት መግባት በሩ ላይ እንደመቆም ነው፤ አስቀድሞ ሰው ይላክ፣ ገበያ ቀንና አርብ የስግደት ሰዓት ይለይ። በየቤቱ ትኩሳት ያለው ሰው ካለ እዚያው ይመርመር። አጎበር ሲጠይቁ «አጎበር አላችሁ?» ከማለት «ትናንት ማታ እነማን ከሥሩ አደሩ?» ማለት እውነቱን ያወጣል። የተቀደደ፣ ለሌላ ሥራ የዋለ፣ ከታሸገበት ያልወጣ አጎበር ካለ ይቆጠር። የኬሚካል ርጭት የተደረገላቸው ቤቶች ግድግዳ ከርጭቱ በኋላ በጭቃ ተለስኖ ወይም ተቀብቶ ከሆነ ኬሚካሉ ተሸፍኗል ማለት ነውና ይመዝገብ።

ደረጃ 9፦ ትንኟን ራሷን መቃኘት

ይህ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ቀላሉን ክፍል ማንም ሊያግዝ ይችላል። እጭ ለመፈለግ 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ረጅም እጀታ ያለው መቅጃ ይበቃል። ወደ ውኃው በፀሐይ ፊት ቆመው ጥላዎን አያሳርፉበት፤ እጮቹ ጥላ ሲያዩ ወደ ታች ይሰምጣሉና ሁለት ሦስት ደቂቃ ታግሠው በቀስታ ይቅዱ። ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድሞ የሚንሳፈፈው እጭ የአኖፊለስ ሲሆን፣ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ኩሌክስ ወይም ኤዴስ የተባለ ሌላ የትንኝ ዓይነት ነው። በየቦታው አሥር ጊዜ ተቀድቶ ስንቱ እንደተገኘ ይጻፍ።

ክንፍ ያወጡትን ለመያዝ የብርሃን ወጥመድ ሰው በአጎበር ሥር በተኛበት አልጋ አጠገብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይሰቀላል። የተያዙት ትንኞች ደርቀው ወደ ቤተ ሙከራ ይላካሉ። አኖፊለስ አረቢየንሲስን ከቅርብ ዘመዶቹ በዓይን መለየት ስለማይቻል የዝርያው ማረጋገጫ የዘር ምርመራ ነው፤ በዚህ ረገድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ በሰኮሩ የሚገኘው የሐሩር ክልልና ተላላፊ በሽታዎች ምርምር ማዕከል ለአካባቢው ትልቅ አቅም ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ለከተማ ባለሙያዎች። በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሀር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የታየው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው ዝርያ እንደ ሌሎቹ የሜዳ ኩሬ አይጠብቅም፤ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ በበጋም ይራባል። በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወቅት ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነው እርሱ ነበር። ስለዚህ በጅማ ከተማ በየካቲት፣ ዝናብ በሌለበት፣ መሀል ከተማ የሚኖሩና ያልተጓዙ ታማሚዎች ከተከታተሉ የፎቅ ግንባታዎቹን የውኃ ማጠራቀሚያዎች ይፈትሹ።

ደረጃ 10፦ ወባ ያልሆነውን ትኩሳት አለመርሳት

ተመርምሮ ነጻ የተባለው ሰው ከመዝገቡ አይጣል። ትኩሳት ያላቸው ብዙ ሰዎች በአንድ ሰፈር በአንድ ጊዜ ሲመጡና የወባ ምርመራቸው በሙሉ ነጻ ሲሆን፣ ሌላ ትንኝ ወለድ በሽታ ሊጠረጠር ይገባል። ዴንጊ በ2013፣ ቺኩንጉንያ በ2019 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ወረርሽኝ አስነሥተዋል። ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው ቢጫ ወባ ነው፤ ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በዚህ የሀገሪቱ ክፍል የተነሣው ወረርሽኝ በአፍሪካ ከታዩት ከባድ የቢጫ ወባ ወረርሽኞች አንዱ ነበር። ስሙ ወባ ቢሆንም በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። ትኩሳት ይዞት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ ሳምንቱ እስኪዘጋ አይጠበቅም፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለቀጣዩ እርከን ይነገራል፣ የደም ናሙናም ይወሰዳል።

የቻርቱ ርክክብ

ይህን ሁሉ ሠርቶ ባለሙያው በዝውውር ሲሄድ፣ መረጃው ከእርሱ ጋር በፍላሽ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የቅኝት ተጠሪ ሲቀየር የአምስቱ ዓመታት ሰንጠረዥ፣ የጎጦች ዝርዝርና አጻጻፋቸው፣ የሁለቱ አቆጣጠሮች የሳምንት ማመሳከሪያ፣ የየጤና ኬላው ስልክ ቁጥርና የግድግዳው ቻርት በጽሑፍ ተቆጥረው ይረከቡ። አዲሱ ተጠሪ የመጀመሪያዋን ሰኞ ከቀድሞው ጋር አብሮ ይደምር፤ ነጥቧን ግን አዲሱ በራሱ እጅ ያሳርፋት።